አንዲት የመዳብ ሳንቲም ምን ትናገራለች? ነጠላ ቅርስን ደረጃ በደረጃ የማጥናት መመሪያ

ሙዚየም የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ወርቅ ላይ ነው። አይፈረድበትም። አርኪኦሎጂስትን ግን «ከአክሱም ገንዘቦች አንዷን ምረጥ» ብትሉት፣ ወርቁን አልፎ አረንጓዴ ዝገት የወረሳትን የመዳብ ሳንቲም ሊያነሳ ይችላል። ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ መሬት የሚገባው ታስቦበት ነው፤ ወይ ተደብቆ፣ ወይ ከሟች ጋር። መዳብ ግን ከእጅ ይወድቃል። የወደቀችው ሳንቲም ሰው በሚኖርበትና በሚገበያይበት ቦታ ትቀራለች። ስለ ተራው ሰው ኑሮ ማወቅ የፈለገ የሚጠይቀው እሷን ነው።

ለማሳያ የመረጥኩት በአክሱም ዘመን በብዛት ከተመቱት የመዳብ ሳንቲሞች አንዱን ዓይነት ነው። የትንሽ ጣት ጥፍርን ብትበልጥ በትንሹ ነው፤ ስፋቷ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ክብደቷ አንድ ግራም አካባቢ። በአንድ ፊቷ ከደረቱ በላይ የሚታይ ንጉሥ አለ። በዙሪያው በግሪክ ፊደል «ንጉሥ» ተብሎ ተጽፏል፤ የቱ ንጉሥ እንደሆነ ግን አይናገርም። በሌላው ፊቷ መስቀል አለ፤ ዙሪያው ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል የግሪክኛ ጽሑፍ ይዞራል። ስም የለም፣ ዓመተ ምሕረት የለም። አስቸጋሪ ናት፤ ለመማሪያ የምትመቸውም ለዚሁ ነው።

መመሪያው ለታሪክና ለአርኪኦሎጂ ተማሪዎች፣ በትምህርት ቤት ወይም በወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ቅርስ ለሚይዙ፣ ማሳው ላይ ድንገት አሮጌ ዕቃ ለገጠመው ሰው ነው። ለመቆፈር ላሰበ አይደለም። ያለ ፈቃድ መቆፈር በሕግ ያስጠይቃል። ደግሞም ቀጥሎ የምታነቡትን ነገር ሁሉ ያበላሻል። ዓመቶቹ፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ አታንሷት

አክሱም አካባቢ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሳንቲም ከአፈር ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። እጅ ወዲያው ይዘረጋል። ያዝ አድርጉት። ሳንቲሟ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ እዚያው ቆይታለች፤ አሥር ደቂቃ ብትጨምር ምንም አትሆንም።

ፎቶ አንሱ፤ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ራቅ ብላችሁ ዛፉ ወይም ግንቡ እንዲታይ። መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ እስክሪብቶ አስቀምጡ። የስልካችሁን ጂፒኤስ ከፍታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኙ። ገል አለ? አመድ? አጥንት? የተጠረበ ድንጋይ? አፈሩ ጎርፍ ያመጣው ልቅ አፈር ነው ወይስ የተደለደለ ወለል ይመስላል? የምታዩትን በቀላል ቃል ጻፉ። «አመድማ አፈር፣ ሦስት ገል፣ ከግንቡ በስተ ምሥራቅ ሁለት እርምጃ» በቂ ነው።

ቀጥሎ ማሳወቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለግንባታ፣ ለመንገድ ወይም ለማዕድን ሲቆፈር ወይም እንዲሁ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል። በተግባር ቀላሉ መንገድ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር ነው፤ ከዚያ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ይደርሳል። ጎርፍ ሊወስዳት ሆኖ ማንሳት ግድ ካልሆነ በቀር ተዉአት። ካነሳችሁም በደረቅ ወረቀት ጠቅልሉ። ፌስታል እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

ደረጃ 2፦ ከሳንቲሟ በፊት ቦታውን አንብቡ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ቀልቡ ሳንቲሟ ላይ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም ደረጃዎች የሚበልጠው ይኼኛው ነው።

ሦስት ቦታዎችን እናስብ። አንደኛው፣ ሳንቲሟ ሳይነካ ከቆየ የቤት ወለል ሥር ተገኘች። ወለሉ የተሠራው ሳንቲሟ ከተመታች በኋላ ነው ማለት ነው፤ ካልተመታች ከሥሩ ልትገባ አትችልምና። በስንት ዓመት በኋላ? እሱን አትናገርም። አሥር ሊሆን ይችላል፣ መቶም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ወለሉ ላይ ከወደቀ ጣሪያ ሥር ተገኘች። አሁን ቤቱ ስለፈረሰበት ጊዜ መናገር ትጀምራለች። ሦስተኛው፣ ጎርፍ ጠርጎ ያመጣው አፈር ላይ ተገኘች። ከየትኛው ቤት እንደመጣች ስለማይታወቅ «በዚህ አካባቢ የአክሱም ገንዘብ ይገኛል» ከማለት ብዙ አታልፍም። ሳንቲሟ ሦስቱም ጋ አንድ ናት። የምትሰጠው ማስረጃ ግን ይለያያል።

ትንሽነቷም ያሳስታል። የአይጥ ጉድጓድ፣ የዛፍ ሥር፣ የምስጥ ኩይሳ ሳንቲምን ከአንዱ የአፈር ንጣፍ ወደ ሌላው ያወርዳል ወይም ያወጣል። ስለዚህ አንዲት ሳንቲም ብቻ ይዞ የአንድን ሕንጻ ዕድሜ የሚቆርጥ ሰው ሲገጥማችሁ «ገሉስ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። የንጣፉ ሸክላ ከሳንቲሟ ጋር ካልተስማማ የተሳሳተ ነገር አለ።

መጠራ ላይ የሆነውን እንይ። መጠራ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ ሰንዓፈ አጠገብ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። በ1963 በፈረንሳዊው አርኪኦሎጂስት በፍራንሲስ አንፍሬ ቁፋሮ በነሐስ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የወርቅ ጌጥ ተገኘ። ከጌጡ መሃል 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። ሳንቲሞቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ቄሣሮችን ይዘዋል። እነሱን ብቻ ያየ ሰው «ይህ ሀብት ክርስትና ከመግባቱ በፊት የተቀበረ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ግን እዚያው ዕቃ ውስጥ የወርቅ መስቀሎችም ነበሩ። በአክሱም መንግሥት መስቀል በንጉሥ ደረጃ የታወቀው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ሳንቲሞቹ ሲቀበሩ ቢያንስ የመቶ ዓመት አሮጌ ነበሩ። በዚያ ላይ ማንጠልጠያ ተበጅቶላቸው አንገት ላይ የሚውሉ ጌጦች ሆነዋል፤ ገንዘብነታቸው ቀርቷል።

ከዚህ የምትይዙት ነገር አንድ ነው። ዕቃው የተሠራበት ዘመንና ዕቃው የተቀበረበት ዘመን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ማስታወሻችሁ ላይም በሁለት መስመር ጻፏቸው።

ደረጃ 3፦ አትጠቧት

ሎሚ የለም። አቼቶ የለም። አመድ፣ አሸዋ፣ የብረት ብሩሽ የለም። «ትንሽ ፈተግ ባደርጋት ጽሑፉ ይታየኛል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ማስረጃ አጥፍቷል።

ምክንያቱ የአክሱም ገንዘብ የራሱ የሆነ ጥበብ ስላለው ነው። በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ተለብጧል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩ መንግሥታት ገንዘብ ይህ የአክሱም ልዩ ምልክት ነው። ወርቁ ከዝገቱ ሥር ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ በብሩሽ ግን በአንድ ደቂቃ ይነሳል። ዝገቱ ራሱም አንዳንዴ ሳንቲሟ የተቋጠረችበትን ጨርቅ ክር አሻራ ይይዛል።

አፈሩ ደርቆ በራሱ ካልረገፈ በቀር አትንኩት። ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር እየተንቦከቦከ ከወጣ መዳቡ በጨው እየተበላ ነው። ከሌሎች ዕቃዎች ለዩአት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ ለሙዚየም ባለሙያ አሳዩ።

ደረጃ 4፦ ለኩ፣ መዝኑ፣ ሳሉ

የወርቅ ሠሪ ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋት መለኪያ)፣ አጉሊ መነጽር፣ እርሳስ፤ ይኸው ነው። ስፋቷን ሁለት ቦታ ለኩ፣ ፍጹም ክብ ስለማትሆን። ክብደቷን እስከ መቶኛ ግራም ጻፉ።

ክብደት አሰልቺ ይመስላል፤ ግን የፖለቲካ ታሪክ አለበት። የመጀመሪያው ገንዘብ አስመቺ ንጉሥ እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስመታው የወርቅ ሳንቲም 2.7 ግራም አካባቢ ይመዝን ነበር። ከዔዛና ወዲህ ወደ 1.6 ግራም ግድም ወረደ። በዔዛና ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሮሙ ቆስጠንጢኖስ የወርቅ ገንዘቡን ክብደት ቀይሮ 4.5 ግራም ገደማ አድርጎት ነበር። የአክሱም ቤተ መንግሥት ገበያውን ይከታተል እንደነበር የሚያሳየን ይህ የግራም ልዩነት ነው።

ከዚያ ሳሏት። ስልክ እያለ ለምን? ስልክ ሁሉንም እኩል ያነሳል፤ እጃችሁ ግን የምትስለው ያያችሁትን ብቻ ነው። መስቀሉ ክንዶቹ እኩል ናቸው? ሲሰፉ ይሄዳሉ? በክብ ተከቧል? ስትስሉ ትጠየቃላችሁ። ለፎቶ ደግሞ የሌላ ስልክ መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ከላይ ሲበራ የማይታይ ፊደል ከጎን ሲበራ ጥላ ጥሎ ይወጣል። ከአራቱም ጎን ሞክሩት።

ደረጃ 5፦ ፊቷን አንብቡ

መጀመሪያ ምልክቱን ፈልጉ። የጥንቶቹ ነገሥታት፣ እንዱቢስን ጨምሮ፣ ከራሳቸው በላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ያለበትን ምልክት ያደርጉ ነበር። ዔዛናም ሲጀምር እንዲሁ ነው። ኋላ ግን በዚያው በዔዛና ሳንቲም ላይ ጨረቃው ወርዶ መስቀል ገባ። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙት የዓለም የመጀመሪያ ነገሥታት አንዱ እሱ ነው። የኛዋ ሳንቲም መስቀል ስላላት ከዚያ ለውጥ በኋላ ያለች ናት። ስም ሳይኖራት አንድ ምዕራፍ ቆረጥን።

ቀጥሎ ራሱን ተመልከቱ። በአብዛኞቹ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ንጉሡ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ በአንዱ ፊት ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ሻሽ የመሰለ ጨርቅ አስሮ። ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ያቅፈዋል። ስንዴ ነው ወይስ ገብስ የሚለው ቢያከራክርም፣ ንጉሡ ከእህል ጋር መታየት እንደፈለገ ግልጽ ነው።

ከዚያ ጽሑፉን። በወርቁ ላይ በብዛት ግሪክኛ ነው፤ የቀይ ባሕር ነጋዴ ያነበዋል። በብርና በመዳቡ ላይ ደግሞ ግዕዝ ቀስ በቀስ ቦታ ያዘ። መሐድይስ የተባለው ንጉሥ በመዳብ ሳንቲሙ ላይ «በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ» የሚል የግዕዝ ጽሑፍ አስፍሯል። ሳንቲም ከድንጋይ ጽሑፍ ጋር ሲገጥም ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ዔዛና በድንጋይ ላይ «ብእሲ ሐለን» ይባላል። በወርቅ ሳንቲሙ ላይም ይኸው ማዕረግ በግሪክ ፊደል «ቢሲ አሌኔ» ተብሎ ተመቷል። ሁለት የማይገናኙ ዕቃዎች አንድ ሰው ጠቆሙ።

የኛዋ ስም አልባ ሳንቲም ጽሑፍ ጥራቱ ይለያያል። በአንዳንዷ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። በሌላዋ ተጣምሟል፣ ተዘሏል፣ መስመር ብቻ ቀርቷል። ሳንቲሟ የምትመታበትን ማኅተም የቀረጸው ሰው ግሪክኛ ማንበቡን ትቶ ቅርጹን ብቻ ይገለብጥ ነበር ማለት ነው። ይህን «ብልሽት» ብላችሁ አትለፉት፤ ሳንቲሟ በተከታታዩ ውስጥ የት ቦታ እንዳለች የሚጠቁም ነው። ፊደሎቹን እንደሚታዩ ገልብጡ፤ የጎደለውን ከራሳችሁ አትሙሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይንደረደራል። መስቀል አየና «በዚህ መንደር ክርስቲያኖች ይኖሩ ነበር» ይላል። መስቀሉን ያሳተመው ቤተ መንግሥቱ ነው። ሳንቲሟን ከፍሎ ዶሮ የገዛው ሰው ማንን ያመልክ እንደነበር ሳንቲሟ አታውቅም።

ደረጃ 6፦ የኖረችበትን ፈልጉ

ከተመታችበት ቤት እስከ አፈር ያለውን ጉዞ ነው የምንፈልገው። ንጉሡ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ተፍቋል? ብዙ እጅ ነክቷታል። ሹል ሹሉ እንዳለ ነው? ሳትገበያይ ነው የጠፋችው። ቀዳዳ አላት? ጌጥ ሆናለች፤ ቀዳዳው ከንጉሡ ራስ በላይ ከሆነ ደግሞ የለበሳት ሰው ምስሉ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ፈልጓል።

የብረቱን ይዘት ለማወቅ ሳንቲሟን መቁረጥ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲዎችና ሙዚየሞች በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ሳይነኩ ይለኩታል። በወርቅ ላይ በተደረገው እንዲህ ያለ ልኬት የኋለኞቹ ነገሥታት ወርቅ ከቀደሙት ይልቅ ቅልቅሉ እየበዛ እንደሄደ ታውቋል።

ደረጃ 7፦ አቻዋን ፈልጉ

ብቻዋን የቆመች ሳንቲም ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የምትናገረው። በአንድ ማኅተም የተመቱ ሁለት ሳንቲሞች ከተገኙ፣ ለምሳሌ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስንጥቅ በአንድ ቦታ ከታየ፣ ከአንድ እጅ እንደወጡ ይታወቃል። ታትመው የወጡ የአክሱም ገንዘብ ዝርዝሮች አሉ። የአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየምና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም ስብስብ አላቸው።

ከዚያ ካርታ አውጡና የተገኙበትን ምልክት አድርጉ። የመን ውስጥ አል መዳሪባ በተባለ ቦታ በ1980ዎቹ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች በአንድ ላይ ተገኙ፤ የሚበዙት የአክሱም፣ የቀሩት የሮም። አፄ ካሌብ በ525 ግድም ወደዚያ መዝመቱን ለሚያውቅ ይህ አይገርምም። ወርቅ ይሻገራል።

የሚገርመው መዳቡ ነው። የኛዋ ዓይነት ስም አልባ የመዳብ ሳንቲሞች በግብፅና በፍልስጤም ምድርም ተገኝተዋል። ዝርዝር ሳንቲም ጭኖ ለንግድ ባሕር የሚሻገር ነጋዴ የለም። ስለዚህ ምሁራን ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ የሄዱ ሰዎችን ያስባሉ። ሌላም መልስ አለ፤ የዚያ አገር ገበያ በመጠን የምትመስለውን ትንሽ መዳብ ሁሉ ሳያጣራ ይቀበል ነበር የሚል። እኔ ሁለቱም አብረው የሚሄዱ ይመስለኛል። ተሳላሚው ይዞት ሄደ፣ ገበያው ተቀበለው።

ደረጃ 8፦ ሐሰተኛ እንዳትሆን ተጠራጠሩ

ይህ በተለይ ቦታዋ ለማይታወቅ ሳንቲም ነው። እውነተኛዋ በማኅተም የተመታች ናት። የቀለጠ ብረት በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ቅጂ ፊደሉ ልፍስፍስ ይላል፣ ፊቱ ላይ የአየር ቀዳዳ ይታያል፣ ጠርዙ ላይ ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት መስመር ሊኖር ይችላል። ክብደቱም ከአቻዎቹ ይርቃል። ቱሪስት ሆናችሁ ሳንቲም «ግዙኝ» ከተባላችሁ አትግዙ። እውነተኛ ብትሆን ከአፈሯ ተነጥቃለች፤ ሐሰተኛ ብትሆን ገንዘባችሁን በልታለች።

ደረጃ 9፦ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለያይታችሁ ጻፉ

እነዚህ ደረጃዎች ለሳንቲም ብቻ አይደሉም። ከይሓ ብዙም በማትርቀው በቤተ ሰማዕቲ የተገኘውን ቀለበት ውሰዱ፤ ግኝቱ በ2019 ለዓለም ተነግሯል። መዳብ ላይ ወርቅ ተለብጦ፣ ቀይ ድንጋይ ተቀምጦበታል፤ ድንጋዩ ላይ የበሬ ራስና ሐረግ ተቀርጿል። አሠራሩ የሮምን ጌጥ ይመስላል፤ በሬው ግን እዚህ አገር ጥንትም የነበረ ምስል ነው። ጨረታ ላይ ቢገኝ «የሮም ቀለበት» ተብሎ ይሸጥ ነበር። የአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ባለባት ከተማ በቁፋሮ ስለተገኘ ግን የዚያች የአክሱም ከተማ ሰዎች ከባሕር ማዶ ምን እንደወሰዱ፣ የራሳቸውን ምን እንዳስቀሩ ያሳያል።

ስትጽፉ ሦስት ክፍል አድርጉት። የምናብ ምሳሌ ልስጣችሁ፦

የታየው፦ መዳብ። ስፋት 15 ሚሊ ሜትር፣ ክብደት 0.94 ግራም። በፊት፦ ወደ ቀኝ የዞረ የንጉሥ ምስል፤ አፍንጫው ተፍቋል። በጀርባ፦ ክንዶቹ እኩል የሆኑ መስቀል በክብ ውስጥ፤ ከፊደሎቹ አምስቱ ይነበባሉ። የተገኘችው ከክፍሉ ወለል ሥር፣ 22 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከጥቁር ገል ጋር።

የተገመተው፦ ከዔዛና የመስቀል ሳንቲሞች በኋላ የተመታች። ወለሉ ከዚያ ወዲህ የተነጠፈ። ብዙ የተገበያየች።

ያልተመለሰው፦ ወለሉ ከሳንቲሟ ምን ያህል ዘግይቷል? ገሉ ይመልሰው ይሆን?

ወረቀቱን ከሳንቲሟ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጉ። አንድ ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ። በፖስታው ላይ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል።